ጥቁሩ ዱቄት ለማን ይታዘዛል?

— ስለዚህ ካርቦን ናኖቲዩብ መስማት ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። ከብረት ይጠነክራል ተባለ፤ ከአሉሚኒየም ይቀላል ተባለ፤ ከምድር ተነስቶ ጠፈር የሚደርስ ገመድ ይሠራበታል ተባለ። እኔ ዕድሜዬን ስኳር ፋብሪካ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ለማንኛውም ምርት ያለኝ ጥያቄ ሁለት ነው፤ በሰዓት ስንት ኪሎ ይወጣል? ዛሬ የወጣውና ነገ የሚወጣውስ አንድ ነው?

— ለመጀመሪያው መልስ አለኝ ጋሼ። በዓመት በብዙ ሺህ ቶን ይመረታል፤ ዋናው ገዢውም የባትሪ ኢንዱስትሪው ነው።

— ለሁለተኛውስ?

— እሱ ላይ ሳንጨቃጨቅ አንለያይም።

— በይ እንግዲያው ከአሠራሩ ጀምሪ። ዓመቱን በፈረንጅ ብትጠሪው ግድ የለኝም።

— ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው። ዝነኛው የአርክ መንገድ ነው። በ1991 ሱሚዮ ኢጂማ የተባለ ጃፓናዊ፣ ጹኩባ በሚገኘው የኤንኢሲ ቤተ ሙከራ፣ በሁለት የግራፋይት ዘንጎች መካከል አርክ አስነሳ። በአሉታዊው ዘንግ ጫፍ ላይ የተጠራቀመውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምር አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሰካኩ የካርቦን ቱቦዎች አገኘ። ውፍረታቸው ከ4 እስከ 30 ናኖሜትር ነበር። በዓመቱ እዚያው ኤንኢሲ ውስጥ ኤብሰንና አጃያን ሂሊየም ጋዝ ሞልተው፣ ግፊቱን አስተካክለው፣ በግራም የሚመዘን አወጡ።

— ብየዳ ነው በይኛ።

— መርሁ እሱው ነው። 18 ቮልት ገደማ፣ 100 አምፔር ገደማ፣ በዘንጎቹ መካከል ጠባብ ክፍተት። ሙቀቱ ከ3000 ዲግሪ ያልፋል፤ ግራፋይቱ ሳይቀልጥ በቀጥታ ይተናል።

— ዘንጉ ሲያልቅ ማጥፋት፣ ማቀዝቀዝ፣ መክፈት፣ መፋቅ። ከዚያ ሌላ ዘንግ። የሚፋቀውስ ሁሉ ቱቦ ነው?

— አይደለም። ከፊሉ ቱቦ ነው፣ ከፊሉ የግራፋይት ፍርፋሪ። ግን ጋሼ፣ ቱቦ የሆነው በጣም ቀጥ ያለና እንከኑ ትንሽ ነው። በዚያ ሙቀት አቶሞቹ የተሳሳተ ቦታ ላይ ተቀምጠው መቅረት አይችሉም፤ ተነቃንቀው ቦታቸውን ይይዛሉ።

— ለሙዚየም የሚሆን ዕቃ ነው። ሁለተኛውስ?

— ሌዘር ነው። በ1995 ሂዩስተን፣ ራይስ ዩኒቨርሲቲ፣ የሪቻርድ ስሞሊ ቡድን ግራፋይትን ከጥቂት ኒኬልና ኮባልት ጋር አደባልቆ፣ 1200 ዲግሪ በደረሰ እቶን ውስጥ አስቀምጦ በሌዘር መታው። በዓመቱ ባወጡት ሥራ ከምርቱ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ባለ አንድ ግድግዳ ቱቦ እንደሆነ አሳዩ። በዚያን ጊዜ ይህ ተአምር ነበር።

— በቀን ስንት?

— በግራም የሚቆጠር።

— ተአምሩን ለስሞሊ እንተውለት።

— ስሞሊ ራሱ ተወው እኮ! በ1999 የእሱ ቡድን ፊቱን ወደ ጋዝ አዞረ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከ30 እስከ 50 አትሞስፌር በሚደርስ ግፊት ውስጥ ይገባል፣ ብረት ያዘለ ተን አብሮት ይነፋል፣ ብረቱ እዚያው አየሩ ላይ ጥቃቅን ቅንጣት ይሆናል፣ በቅንጣቷ ላይ ሁለት የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውሎች ተገናኝተው አንድ ካርቦንና አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናሉ። ካርቦኑ ቱቦ ሆኖ ያድጋል። ማጥፋት የለም፣ መፋቅ የለም፤ ጋዙ በአንድ በኩል ይገባል፣ ጥቁሩ ነገር በሌላ በኩል ይወጣል።

— አሁን የፋብሪካ ቋንቋ መናገር ጀመርሽ። ሦስተኛው ይኸው የጋዝ መንገድ ነው ማለት ነው።

— አዎ፣ በብዙ መልኩ። ካርቦን ያለበት ጋዝ ያስፈልጋል፤ ሚቴን፣ ኤቲሊን፣ አሴቲሊን ሊሆን ይችላል። ከ600 እስከ 1000 ዲግሪ የጋለ እቶን ያስፈልጋል። የብረት፣ የኮባልት ወይም የኒኬል ቅንጣትም ያስፈልጋል። ጋዙ ቅንጣቷ ላይ ሲደርስ ይፈርሳል፣ ሃይድሮጅኑ ይሄዳል፣ ካርቦኑ ብረቱን ይጠግብና በቱቦ መልክ ይወጣል። የቱቦው ውፍረት በአመዛኙ የቅንጣቷን ውፍረት ተከትሎ ነው የሚወሰነው። ዛሬ በቶን የሚሸጠው ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ መንገድ የተሠራ ነው።

— ከአርኩ የተሻሻለ አዲስ ዘዴ ነው እንግዲህ።

— ይልቅ አሮጌው እሱ ነው! በ1952 ራዱሽኬቪችና ሉክያኖቪች የተባሉ ሶቪየቶች ካርቦን ሞኖክሳይድን ብረት ላይ አፍርሰው 50 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ የካርቦን ክሮች ፎቶ አሳትመዋል። በሩሲያኛ ስለነበር ብዙ ሰው አላየውም። በ1976 ጃፓናዊው ሞሪኖቡ ኤንዶ ፈረንሳይ ውስጥ ከተመራማሪዋ ኦበርሊን ጋር ከቤንዜን ተን ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። በ1987 ሃይፔሪየን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል፤ ምርቱም የመኪና ነዳጅ ቱቦ ፕላስቲክ የኤሌክትሪክ ቻርጅ እንዳያጠራቅም ያገለግል ነበር። ኢጂማ ያመጣው አዲስ ነገር ማምረቱ አይደለም፤ ምን እንዳየ ማወቁ ነው። አቶሞቹ እንዴት ተጠቅልለው እንደተደረደሩ አነበበ።

— ታሪኩ ለአንቺ ጥቅም ነው ወይስ ለእኔ? ዘዴው በ1952 ከነበረ፣ ሰባ ዓመት ሙሉ አንድ እቶን መግራት አቅቷችኋል ማለት ነው።

— አቅቶን ሳይሆን፣ ቅንጣቷ ቶሎ ስለምትሞት ነው። የፈረሰው ካርቦን ሁሉ ቱቦ አይሆንም፤ ቅርጽ የሌለው ካርቦን ብረቷን ይሸፍናትና እድገቱ በደቂቃዎች ይቆማል። ይህን የፈቱት ጃፓኖች ናቸው። በ2004 ኬንጂ ሃታና ባልደረቦቹ፣ አሁንም ጹኩባ፣ በጋዙ ውስጥ ትንሽ የውሃ ተን ጨመሩ። በሚሊዮን ክፍል ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር፣ በጣም ኢምንት። ውሃው ቱቦውን ሳይነካ ሽፋኑን ብቻ ይበላዋል። በ10 ደቂቃ ውስጥ 2.5 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ባለ አንድ ግድግዳ የቱቦ ደን በቀለ፤ የካርቦን ንጽሕናው 99.98 በመቶ። ዜዮን የተባለው ኩባንያ ይህን ይዞ በ2015 ቶኩያማ ላይ ፋብሪካ ከፈተ።

— ይሄ ደስ ይላል፤ አልዋሽሽም። ግን ደኑ የሚበቅለው ጠፍጣፋ መሬት ላይ ነው አይደል? ስፋት በስፋት። አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚበቅለውን ለማብዛት ሌላ ካሬ ሜትር ትጨምሪያለሽ። በሊትር የሚታሰብ ሪአክተር ሌላ ነው፣ በካሬ ሜትር የሚታሰብ ሌላ ነው።

— ለዚህ ነው ቤጂንግ ውስጥ በጺንግኋ ዩኒቨርሲቲ የፌይ ዌይ ቡድን ሌላ መንገድ የያዘው። ብረቱን በዱቄት ላይ ያሳርፋሉ፣ ዱቄቱን ረጅም ሪአክተር ውስጥ ይጨምራሉ፣ ጋዙን ከታች ይነፉታል። ዱቄቱ ተንሳፎ ይንተከተካል፤ እያንዳንዱ ፍሬ በሁሉም ጎኑ ቱቦ ያበቅላል።

— ይህን አውቀዋለሁ። ስኳር የሚደርቅበት እንዲህ ያለ ማሽን አለ። በኪሎ ያወጣል፣ እሺ ብዬሻለሁ። ግን በ2010 ባየር ሌቨርኩሰን ላይ በዓመት 200 ቶን የሚያመርት ፋብሪካ ከፍቶ አልነበር? በ2013 ከናኖቲዩብ ሥራ ወጣሁ ብሎ አላወጀም? የኬሚካል ምርት የማያውቅ ኩባንያ እኮ አይደለም።

— ማምረቱ አላቃተውም፤ ገዢው ነው የጠፋው። ለብስክሌት ፍሬም፣ ለበረዶ ሆኪ ዱላ፣ ለንፋስ ተርባይን ክንፍ ትንሽ ትንሽ ተፈለገ፤ ፋብሪካ የሚያቆም ትዕዛዝ አልመጣም። ያ ትዕዛዝ በኋላ የመጣው ከኤሌክትሪክ መኪና ነው። የሊቲየም ባትሪ ካቶድ ውስጥ ያለው ዱቄት ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፤ ድሮ ካርቦን ብላክ ይጨመርበት ነበር። ናኖቲዩቡ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ባነሰ መጠን ቅንጣቶቹን ያገናኛቸዋል። ባነሰው ልክ ለሊቲየሙ ቦታ ይተርፋል። ኢትዮጵያ በእኛው አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ አዲስ አበባ ላይ የሚሽከረከረው የኤሌክትሪክ መኪና የዚህ ገበያ አካል ነው።

— ስለዚህ ጠፈር የሚደርሰው ገመድ ቀርቶ የካርቦን ብላክ ምትክ ሆነ።

— የተሻለ ምትክ ሆነ፤ አዎ። እኔ ይህን እንደ ውርደት አላየውም።

— እኔም አላየሁትም፤ ግን ዋጋውን እንቁጠር። ብረት ላይ አበቀልሽው፤ ብረቱ የት ሄደ?

— ውስጡ ይቀራል። በቱቦው ጫፍ ወይም ሥር።

— ባትሪ ውስጥ ብረት ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ።

— ይሟሟል፣ በሌላው ወገን ተመልሶ ይጠራቀማል፣ ሲበዛም ሁለቱን ወገኖች አገናኝቶ ሾርት ያደርጋል። ለዚህ ነው የባትሪ ደረጃ የሚባለው ናኖቲዩብ በአሲድ የሚታጠበው፣ ወይም ከ2000 ዲግሪ በላይ ግሎ ብረቱ የሚተነው።

— እህ! ከ600 እስከ 1000 ዲግሪ ይበቃል ብለሽ አኩርተሽኝ ነበር። አርኩን ከነ3000 ዲግሪው ጥለነው ነበር፤ አሁን ሙቀቱን በኋላ በር አስገባሽው። አሲዱስ? አሲድ ቱቦውን አይበላውም?

— ይነካዋል። ብዙ ካቆዩት ግድግዳውን ይበሳዋል፣ ያሳጥረዋል። ይህን አልክድም። ግን ወጪው ለሁሉም እኩል አይደለም። በትንሽ ብረት ብዙ ቱቦ ካበቀሉ የሚታጠበው ይቀንሳል። የሃታ ውሃ ዋናው ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ቅንጣቷ ረጅም ዕድሜ ስትኖር ለአንድ ግራም ብረት የሚደርሰው ካርቦን ይበዛል። የጋዙን መንገድ በዲግሪ ብቻ አይመዝኑት፤ የሚጣለውንም ይመልከቱ። ሚቴን ሲፈርስ ከ16 ኪሎ 12 ኪሎ ካርቦንና 4 ኪሎ ሃይድሮጅን ይገኛል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳያወጡ ሃይድሮጅን ማለት ነው።

— ይህን ስሌት ወድጄዋለሁ፤ እስከ መጨረሻው እንሂድበት። ዓለም በዓመት ከ90 ሚሊዮን ቶን በላይ ሃይድሮጅን ይጠቀማል። በአንድ ሃይድሮጅን ሦስት ካርቦን ከመጣ፣ 270 ሚሊዮን ቶን ካርቦን። አንቺ የምትሸጪው በሺህ ቶን ነው። የቀረውን የት ትከምሪዋለሽ?

— ሁሉንም ሃይድሮጅን ከዚህ እናውጣ ያለ የለም።

— አላልሽም። ግን ሃይድሮጅኑን ለምርቱ ጌጥ አድርገሽ አቀረብሽው። ናኖቲዩብ ለመሸጥ ከተሠራ ሃይድሮጅኑ ቁራጭ ነው፤ ሃይድሮጅን ለመሸጥ ከተሠራ ናኖቲዩቡ ክምር ነው። ሁለቱን በአንድ ዋጋ ልትሸጭልኝ አትችይም።

— እሺ፣ ይህችን ይውሰዷት። ስቱዋርት ሊክት ዋሽንግተን ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በቀለጠ የሊቲየም ካርቦኔት ውስጥ በኤሌክትሪክ እየሰነጠቀ ቱቦ ማውጣቱን ልነግርዎ ነበር፤ እሱንም በዚሁ ሚዛን ይጥሉታል።

— አልጥለውም፤ የመብራት ቢሉን አሳዪኝ ነው የምለው። አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዬ። ዛሬ የወጣውና ነገ የሚወጣው አንድ ነው?

— አይደለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ የወጣው ራሱ አንድ አይደለም። ሰሌን ሲጠቀልሉ አስበው ያውቃሉ? ቀጥ አድርገው ከጠቀለሉት የጥልፉ መስመር ዙሪያውን ይገጥማል፤ ሰያፍ ከጠቀለሉት መስመሩ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ያው ሰሌን ነው። የካርቦኑም ገበታ እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የጥቅልሉ ማዕዘን የቱቦውን ጠባይ መቀየሩ ነው። አንደኛው ማዕዘን እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ሌላው ሴሚኮንዳክተር ይሆናል። እቶኑን ዝም ብለው ከተዉት አንድ ሦስተኛው ብረታዊ፣ ሁለት ሦስተኛው ሴሚኮንዳክተር ሆኖ ይወጣል።

— ኮምፒውተር ልትሠሪበት የነበረው ነገር ይኸው ነው? ከሦስት ትራንዚስተር አንዱ የማይጠፋ መብራት?

— ይለያያል እኮ። በ2006 አርኖልድና ኸርሳም ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቱቦዎቹን በሳሙና መሰል ነገር ሸፍነው ሴንትሪፉጅ ውስጥ አሽከረከሯቸው፤ በእፍግታቸው ልዩነት በየደረጃቸው ተደረደሩ።

— ሴንትሪፉጅ እኔን አታስተምሪኝ። የእኔ ሴንትሪፉጅ ስኳሩን ከሞላሰስ የሚለየው በኩንታል ነው። የእነዚያ ምን ይይዛል? የጣት ቁመት ያለው ብልቃጥ፣ ለሰዓታት። እሱም ቱቦውን በድምፅ ሞገድ ቆራርጠው፣ አሳጥረው ነው። መጀመሪያ ረጅም አድርገሽ ታበቅያለሽ፣ ከዚያ ለመለየት ትቆርጭዋለሽ።

— ኤምአይቲ በ2019 ከ14,000 በላይ የናኖቲዩብ ትራንዚስተር ያለው ፕሮሰሰር ሠርቷል። ብረታዊዎቹን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ሳይጠበቅባቸው ሰርኪዩቱን በዘዴ ነድፈው አልፈውታል፤ 99.99 በመቶ ንጽሕና በቃቸው።

— ዘዴኞች ናቸው። ግን ልብ በይ፤ ያልታዘዘውን ዱቄት ስላላሸነፉት ነው ዲዛይኑን የቀየሩት። እኔ የምጠይቀው እቶኑ ላይ ነው። ይህን ማዕዘን ስጠኝ ብለሽው የሰጠሽ እቶን አለ?

— አለ ልበል? ኦክላሆማ ላይ ዳንኤል ሬዛስኮ ኮባልትን ከሞሊብዲነም ጋር አጣምሮ ጥቂት ዓይነት ብቻ የሚበዙበት ምርት አወጣ። በ2014 ደግሞ የቤጂንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተንግስተንና የኮባልት ቅይጥ ተጠቅመው ከ92 በመቶ በላይ አንድ ማዕዘን ብቻ ያለው አበቀሉ። ቅይጡ በእድገቱ ሙቀት ሳይለሰልስ ጠጣር ሆኖ ስለሚቆይ የክሪስታሉ ፊት ለቱቦው ሻጋታ ይሆነዋል። ለረጅም ጊዜ የማይሆን ይመስል የነበረው ይህ ነው። አይቻልም የሚለው ክርክር እዚያ ላይ አበቃ፤ የቀረው ይበዛል ወይ የሚለው ነው።

— የቀረው እሱ ከሆነ ቀላሉ አልቀረም። ደግሞ 92 ለባትሪ ከበቂ በላይ ነው፣ ለቺፕ ከበቂ በታች። ነገሩን ጠቅልዬ ልንገርሽ፤ ንጹሑ በግራም ነው፣ በቶን የሚመጣው የተዘበራረቀ ነው። በአንድ ስም ሁለት ዕቃ ትሸጣላችሁ፤ የንጹሑን ዝና ለተዘበራረቀው ዋጋ መለጠፊያ አደረጋችሁት።

— በዚህስ እስማማለሁ። እኔ የምለው ግን ዝናው ይቅር፣ የተዘበራረቀውም ሥራ አለው ነው። ባትሪው ማዕዘን አይጠይቅም። ርዝመት ይጠይቃል፣ ብረት አልባነት ይጠይቃል። እነዚህን ሁለቱን እቶኑ እየታዘዘ ነው።

— ርዝመቱን አነሳሽልኝ። በ2008 ኤድንብራ ላይ ረጅምና ቀጥ ያሉ ናኖቲዩቦችን በአይጦች ሆድ ዕቃ ሽፋን ውስጥ ሲጨምሩ አስቤስቶስ የሚያመጣው ዓይነት ቁስለት አልታየም? በ2014 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አንዱን ዓይነት ሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚባሉት መደብ አላስገባውም?

— አስገብቷል። አንዱን ዓይነት ብቻ፤ ለሌሎቹ ማስረጃው ለመመደብ አይበቃም አለ።

— አይበቃም ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

— አይደለም። ግን የኤድንብራውን ሥራ ሙሉውን ይውሰዱት፤ አጫጭሮቹና ኳስ ሆነው የተጠላለፉት ያንን ቁስለት አላመጡም። ሳምባ የሚያጸዳው ሕዋስ ሊውጠው የሚችለውን ይውጣል፤ ከእሱ የረዘመውን ቀጥ ያለ ነገር ነው መዋጥ የሚያቅተው። እና ቀጥ ያለ ይሁን የተጠላለፈ፣ ረጅም ይሁን አጭር የሚወስነው ማነው? የአመራረቱ ዘዴ ነው። የፌይ ዌይ ሪአክተር የሚያወጣው የተጠላለፈ ድቡልቡል ነው። ስለዚህ ናኖቲዩብ አደገኛ ነው ወይስ አይደለም ከሚባል፣ ከየትኛው እቶን ወጣ ቢባል ይሻላል።

— ብልህ መልስ ነው፤ ለዚህም ነው የማይመቸኝ። ለባትሪው የሚሻለው ረጅሙ ነው አላልሽም? ለሳምባው የሚሻለው አጭሩ ነው። ገበያው ወዴት እንደሚገፋ አልነግርሽም።

— በዚህ በኩል ገደብ አለ። የአሜሪካው የሥራ ቦታ ጤና ተቋም በ2013 ያወጣው ምክር፣ በስምንት ሰዓት ሥራ አማካይ፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ1 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ነው።

— አንድ ማይክሮግራም የሚለካ መሣሪያ ያለው ፋብሪካ ይህን ያከብራል። መሣሪያው የሌለውስ? እኔ ከረጢት የሚሞላውን ሠራተኛ ነው የማስበው። ሪአክተሩ ዝግ ነው፤ ማንም እዚያ አይታመምም። በሽታው ያለው ከረጢቱ አፍ ላይ ነው።

— ስለዚህ ከረጢት አይኑር። በ2004 ካምብሪጅ ላይ የአለን ዊንድል ቡድን ቱቦው እቶኑ ውስጥ እያደገ ሳለ ጭሱን ይዘው በቀጥታ ክር አድርገው ፈተሉት። ዱቄት የሚባል ደረጃ የለውም፤ ከጋዝ ወደ ክር።

— ክሩ የአንዱን ቱቦ ጥንካሬ ያህል ይጠነክራል?

— አይጠነክርም። ቱቦዎቹ ጎን ለጎን ስለተያያዙ፣ ሲጎተቱ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ቱቦው ሳይበጠስ ክሩ ይለቃል።

— ባትሪ ውስጥስ ክር ይገባል?

— ለባትሪ ክር አይሆንም። ለባትሪ በፋብሪካው ውስጥ፣ በዝግ መስመር፣ ፈሳሽ ውስጥ ተበትኖ ነው መሸጥ ያለበት፤ ብዙ አምራቾችም እንዲህ ያደርጋሉ። ገዢው በርሜል ይቀበላል እንጂ ብናኝ አያይም። ገንዘብ ቢሰጠኝ የምገዛው ይህን ነው፤ የሚንተከተከውን ሪአክተር፣ ከሥሩ የማጠቢያውን፣ ከእሱ ቀጥሎ የመበተኛውን፣ ሦስቱንም በአንድ ቧንቧ አያይዤ።

— ፈሳሹ ምንድን ነው?

— ኤንኤምፒ።

— ለፅንስ ጎጂ ተብሎ አውሮፓ ውስጥ የተመደበው?

— እሱው። በውሃ የሚበተንም አለ፤ ለአኖዱ በውሃ ይሠራል።

— ለካቶዱስ?

— ለካቶዱ በአብዛኛው ገና ነው።